ፓፍ እንቢ ያለው አስም

ከቱርሚ ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ በመኪናው መስኮት ከሚሰማቸው ድምፆች አንዱ የሕፃናት ጩኸት ነው። ልጆቹ ከግራሩ ጥላ ሥር ብድግ እያሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ሃይላንድ ማለት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው፤ ስሙ ከአንድ የታሸገ ውኃ ተወስዶ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ጠርሙስ አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የዛሬው ጉዳያችን አስም ነው። አስም ስንልም ማናቸውንም አስም ማለታችን አይደለም፤ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ሰው ሁሉ ፓፍ የሚለው፣ አልበቃው ያለውን ጽኑ አስም ማለታችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ ሕመም ሞተዋል። ሞቱ የሚበዛውም ሕመሙ ሳይታወቅ ወይም በቅጡ ሳይታከም በሚቀርባቸው ደሃ አገሮች ነው።

በአገራችን አስም የከተማ በሽታ ነው የሚል አሳብ አለ፤ መሠረት የሌለውም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ተመልክቶ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ነገር ግን ከተማ የሚባለው ነገር ባለበት አይቆምም። የዳሰነች ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ኦሞራቴ በኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከኬንያ ወሰንና ከቱርካና ሐይቅ ሳትርቅ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ቆላ ናት፤ ሙቀቷ ብርቱ፣ አቧራዋ ብዙ ነው። ከእርሷ ተነሥቶ በቱርሚ፣ በዲመካና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ ለመግባት 200 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ርቀቱን የምንቆጥረው ለጂኦግራፊ ፈተና አይደለም፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ኪሎ ሜትር ራሱ የሕመሙ ክፍል ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የመጀመሪያ ምድቡ ኦሞራቴ ሆነ እንበል። ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት፤ በኪሱም ሰማያዊ የሳልቡታሞል ፓፍ ይይዛል። የነፋሱና የአቧራው ወራት ሲመጣ ሌሊት ሌሊት እየነቃ ይስባል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አምስት ጊዜ፣ ከዚያም ቁጥሩን ይተወዋል። አንድ ሌሊት ጓደኞቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ ያደርሱታል፤ መርፌ ይወጋል፣ ለጥቂት ቀን የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ክኒን ይታዘዝለታል፣ ይሻለዋል። ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ያ ወጣት «ፓፉ አልሠራልኝም» ብሎ ይደመድማል። ሁለት መንገድም ይታየዋል፤ ወይ ዝውውር ይጠይቃል፣ ወይ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት እየገዛ በገዛ እጁ መዋጥ ይጀምራል። ሁለቱም ሕክምና አይደሉም። ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር የዳሰነች እናት ደግሞ ይኸው ሕመም ቢደርስባት ዝውውር የምትጠይቅበት መሥሪያ ቤት እንኳ የላትም።

በእኛ አስተያየት «ፓፉ አልሠራም» የሚለው ቃል ምርመራው የሚጀመርበት ቃል መሆን ሲገባው ብዙውን ጊዜ የሚዘጋበት ሆኗል። አዲሶቹ ታላላቅ መድኃኒቶች ይምጡልን ከማለት በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ የመጀመሪያውም «የትኛው ፓፍ ነው ያልሠራው?» የሚል ነው።

ፓፍ የተባለው ዕቃ አባት የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው ይባላል። በአሜሪካ ራይከር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ሜይሰን አስም የነበረባት ልጃቸው፣ መድኃኒቷ ለምን እንደ ጠጉር ሽቶ ተጭነውት የሚረጭ እንደማይሆን ጠየቀቻቸው፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1956 መጠኑ እየተለካ የሚረጨውን ፓፍ ለገበያ አወጣ። ሳልቡታሞል በ1969 መጣ። ቤክሎሜታዞን የተባለው የሚሳብ ስቴሮይድ በ1972 ተከተለ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እንግዲህ በየቤቱ የጠፋው።

አስም የአየር ቧንቧዎች ቁስለት ያለበት እብጠት ነው። ቧንቧው ውስጡ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ትንሽ ጢስ ወይም አቧራ ሲነካው ይኮማተራል። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያፍታታል፤ እብጠቱን ግን አይነካም። ጣራው የሚያፈስ ሰው ጣራውን ሳይደፍን በየሌሊቱ ሳፋ ቢደቅን ወለሉ ለጊዜው ይድንለታል፤ ጣራው ግን እየበሰበሰ ይሄዳል። ጣራውን የሚደፍነው በየቀኑ፣ ደኅና በሚሆኑበትም ቀን፣ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው። ጂና በሚል አጭር ስሙ የታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አዘጋጅ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳልቡታሞልን ብቻውን ለአስም ማዘዝ እንዲቀር መክሯል። በዚሁ መመሪያ መሠረት በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ጣሳ የሚጨርስ ሰው ለብርቱ ሕመም የተጋለጠ ነው፤ ዐሥራ ሁለት የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው ከፍ ይላል። የኦሞራቴው ወጣታችን በወር አንድ ይጨርሳል።

ታዲያ ይህ ወጣት «አልሠራም» ያለው መድኃኒት ከቶ ያልተሰጠው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ፓፍ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ያው አንዱ ፓፍ ለዘወትርም ለጭንቅም ጊዜ ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተራ ጽፎታል። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው ክኒንና መርፌን ያከብራል፣ ፓፍን ይንቃል። እኛም በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ሳለን አብሮን ያደረ አንድ ጓደኛችን ፓፉን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይስብ ነበር። «ለምን ትደበቃለህ?» ብንለው «ይለምድብሃል ይሉኛል» አለን። ያን ጊዜ የምንመልስለት አልነበረንም። የስቴሮይድ ፓፍ ሱስ አያስይዝም፤ የሚያስፈራው የእርሱ መለመድ ሳይሆን የሳልቡታሞል ጥገኝነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አሳሳቡ ነው። ፓፉን በደንብ ነቅንቆ፣ ትንፋሽን አውጥቶ፣ ከንፈርን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ በተጀመረበት ቅጽበት መጫን፣ ከዚያም እስከ ዐሥር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጂና እንደሚለው ከሕመምተኞች እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በትክክል አይጠቀሙበትም፤ መድኃኒቱም ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ሃይላንዱ የሚመጣው። ፓፉ በቀጥታ ወደ አፍ ከሚረጭ ይልቅ በአንድ ባዶ ዕቃ ውስጥ ተረጭቶ ከዚያ ቢተነፈስ እጅና ትንፋሽ በአንድ ቅጽበት መገጣጠማቸው ግዴታ አይሆንም፤ መድኃኒቱም ወደ ሳንባ ይዘልቃል። ፋብሪካ የሠራው እንዲህ ያለ ዕቃ ስፔሰር ይባላል፤ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ሄዘር ዛር የተባሉት የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት ባወጡት ጥናት፣ አስም በተነሣባቸው ሕፃናት ላይ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር እኩል እንደ ሠራ አረጋግጠዋል። ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ በጋለ ብረት ተበጅቶ ፓፉ ይሰካል፣ ዙሪያው በደንብ ይደፈናል፤ ሕፃኑ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። እንግዲህ በቱርሚ መንገድ ሕፃናቱ የሚለምኑት ዕቃ በኬፕ ታውን የተመሰከረለት የሕክምና መሣሪያ ነው። በዳሰነች ቋንቋ የሚናገር አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ሠርቶ በዐይን ቢያሳይ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል።

ስለ ሙቀቱም አንድ ቃል እንጨምር። የፓፍ ጣሳ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ይጻፍበታል፤ በኦሞራቴ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም በመኪና መስታወት ፊት የዋለ ጣሳ ግን ከዚህ እጅግ ያልፋል። በቤቱ ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ማዕዘን መፈለግ የሕክምናው ክፍል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ደፋር ጥያቄ ነው፤ «በእርግጥ አስም ነውን?» በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በሐኪም አስም አለባችሁ የተባሉ 613 ጐልማሶችን እንደገና ቢመረምር፣ ከሦስት በአንዱ ላይ አስሙ አልተገኘም። በካናዳ እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ ምን ይሆን? እኛ አገር የሳንባ ነቀርሳም አለ፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ በራቸው የጠበበ ወጣቶችም አሉ፤ እነርሱም ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው ይነሣሉ። ለእነዚህ ፓፉ ባይሠራ ጥፋቱ የፓፉ አይደለም። የትንፋሽን ጉልበት የሚለካው ትንሹ የፕላስቲክ መሣሪያ፣ እንግሊዛዊው ማርቲን ራይት እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው ዕቃ ዘር ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጧትና ማታ ለሁለት ሳምንት ቢነፉበት ቁጥሩ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ነገሩ ወደ አስም ያዘነብላል።

አራተኛው የቤቱና የአካባቢው ነገር ነው። በጠባብ ጎጆ ውስጥ የቡና ገለፈት የሚፈላበት እሳት ሲነድ ጢሱ የሚወጣበት የለውም፤ እናትና ሕፃን ከእሳቱ አጠገብ ናቸው። ለከተማው ሠራተኛ ደግሞ ሲጋራው፣ የመኝታው አቧራ፣ የማይታከም የአፍንጫ አለርጂ፣ ወደ ጉሮሮ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ አለ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል አስምን ይቀሰቅሳል፤ አስፕሪንና ዲክሎፌናክም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። ለወገብ ሕመም መርፌ ተወግቶ ትንፋሹ የተዘጋ ሰው ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም።

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ተጠይቀው፣ የተበላሸው ሁሉ ተቃንቶ ስንት ሰው ይቀራል? በኔዘርላንድ የተደረገና ጂና የሚጠቅሰው ጥናት ከመቶ የአስም ጐልማሶች 17ቱ ለሕክምና አስቸጋሪ እንደ ሆኑ፣ ነገር ግን አሳሳቡና አወሳሰዱ ተስተካክሎም የማይረታ ጽኑ አስም ያለባቸው 3.7 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ አሳይቷል። ጥቂት ናቸው። ጥቂት ናቸው ብሎ ማለፍ ግን አይገባም፤ ሕመማቸው ብርቱ ነውና።

ለእነዚህ ጥቂቶች መጀመሪያ የሚደረገው የሚሳበውን ስቴሮይድ መጠን ከፍ አድርጎ ከፎርሞቴሮል ጋር መስጠት፣ ካልበቃም ቲዮትሮፒየም የተባለውን ሌላ የሚሳብ መድኃኒት መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ በእኛ አገር ለትራኮማ በየቀበሌው የሚታደለው አዚትሮማይሲን በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ዓመት ያህል ቢወሰድ የአስሙን መነሣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የልብ ምትን ሊያውክ ይችላል፣ ጀርሞችንም መድኃኒቱን ያለማምዳል፤ የሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩ ሳይረጋገጥም አይጀመርም። ሕመሙ በድንገት ሲበረታና ኦክሲጅን፣ ሳልቡታሞልና ስቴሮይድ ሳይበቁ ሲቀሩ ሐኪሞች በደም ሥር ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣሉ። ይህ መድኃኒት በእርግዝና ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ተብሎ በማዋለጃ ክፍል የሚቀመጠው ነው፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግረው እውቀት ብቻ ነው።

ስለ ፕሬድኒሶሎን ክኒን ግን ቆም ብለን መናገር አለብን። ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ነፍስ ያድናል። በየወሩ ሲደጋገም ወይም ዘወትር ሲዋጥ አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ያመጣል፣ የዐይን ሞራ ይጋርዳል፣ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም አደጋ አለው። በቆላው አገር ሌላም ሥጋት አለ። በባዶ እግር ከአፈር የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል፤ ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ተባዝቶ መላ አካልን ይወርራል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ረዘም ያለ የስቴሮይድ ክኒን ከማዘዙ በፊት ስለዚህ ትል ማሰብ፣ መመርመር ካልተቻለም አይቨርሜክቲንን አስቀድሞ መስጠት ይገባዋል። ከመድኃኒት ቤት በገዛ እጁ የሚገዛው ወጣት ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

ወደ አዲሶቹ መርፌዎች እንምጣ። የአንዱ ታሪክ የጀመረው በውድቀት ነው። በደም ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባል የነጭ ደም ሕዋስ አለ፤ በብዙ የጽኑ አስም ሕመምተኞች ሳንባ ውስጥ እየተከማቸ ቧንቧውን ያቈስላል። ይህን ሕዋስ የሚያሳድገውን መልእክት የሚያግድ ሜፖሊዙማብ የተባለ መርፌ ተሠርቶ በብዙ የአስም ሕመምተኞች ላይ ቢሞከር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። መድኃኒቱ «አልሠራም» ተባለ። ነገር ግን በእንግሊዝ በሌስተር፣ በካናዳም በሃሚልተን የነበሩ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ የተሰጠው ለማን ነበር? አስም ላለበት ሁሉ ከመስጠት ይልቅ ኢዮሲኖፊላቸው የበዛባቸውን ብቻ መርጠው ሰጡ። በ2009 ሁለቱም ጥናቶች በአንድ ወር ታተሙ፤ ያው «አልሠራም» የተባለው መርፌ የሕመሙን መነሣት በእጅጉ ቀነሰ። እኛ ይህን ታሪክ የምንወደው በሊቃውንቱ ዘንድም «አልሠራም» የሚለው ቃል ቸኩሎ የተነገረ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ዛሬ መርፌዎቹ በዝተዋል። በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ የአለርጂን አስም የሚመለከተው ኦማሊዙማብ በ2003፣ ሜፖሊዙማብ በ2015፣ ቤንራሊዙማብ በ2017፣ ዱፒሉማብ ለአስም በ2018፣ ቴዜፔሉማብ በ2021 ተፈቅደዋል። በትክክል ለተመረጠ ሰው የሕመሙን መነሣት በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ፤ ብዙዎችንም ከፕሬድኒሶሎን ያላቅቃሉ። በጉሮሮ በኩል በገባ መሣሪያ የአየር ቧንቧውን ጡንቻ በሙቀት የማሳሳት ሕክምናም በ2010 ተፈቅዶ ነበር፤ የብዙዎቹ ሐኪሞች ዐይን ግን ወደ መርፌዎቹ ዞሯል። ዋጋቸው በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሆኖም የዋጋ ነገር እንዳለ አይቀርም፤ የኦማሊዙማብ አቻ የሆነ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ መድኃኒት በ2024 በአውሮፓ፣ በ2025 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ለኦሞራቴ ምኗ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ምኗ እንደ ሆነ እንንገረው። መርፌዎቹ ለማን እንደሚገቡ የሚለየው ዋናው ምርመራ የኢዮሲኖፊል ቆጠራ ነው፤ ለወባ ደም በብርጭቆ ላይ ቀብቶ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚያይ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በዚያው ብርጭቆ ላይ ኢዮሲኖፊልን መቁጠር ይችላል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው በቆላው የሆድ ትልም ይህንኑ ሕዋስ የሚያበዛ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትሉ ይታከማል፣ ከዚያ እንደገና ይቆጠራል። መርፌዎቹ የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ ይህም የሕፃናት ክትባት ማቀዝቀዣ የሚጠብቀው ልክ ነው።

ሐኪም አለን ወይ ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ልዩ ሕክምና ሥልጠና ተጀምሮ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የሳንባ ሐኪሞች መውጣት ጀምረዋል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ኦሞራቴ ይግቡ አንልም። ነገር ግን ጂንካ ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም አላት። ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ በተወሰነ ጊዜ ጂንካ መጥቶ የተለዩትን ሕመምተኞች ቢያይ፣ በቀረው ጊዜም የጂንካ ሐኪሞች በስልክ ቢያማክሩት የሚቻል ነገር ነው።

የሚጀምረው ግን ከታች፣ ከመላኪያ ወረቀቱ ነው። ከኦሞራቴ ወደ ጂንካ የሚላክ ሕመምተኛ በእጁ የሚይዘው ወረቀት «አስም፤ አልተሻለውም» የሚል ብቻ ከሆነ በጂንካ ያለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፤ ደግሞም ያንኑ ክኒን ያዛል። ወረቀቱ የትኛውን ፓፍ እንደሚወስድና በወር ስንት ጣሳ እንደሚጨርስ፣ ሲስብ በዐይን ታይቶ እንደ ሆነ፣ አክታው ለነቀርሳ ተመርምሮ እንደ ሆነ፣ የትንፋሹ ልክ ጧትና ማታ ስንት እንደ ነበረ፣ የትል መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ኢዮሲኖፊሉ ስንት እንደ ተቆጠረ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን እንደ ዋጠ ቢናገር አንድ ገጽ አይሞላም። ይህን ወረቀት የሚያዘጋጁት፣ የስቴሮይድ ፓፉንም በጀት የሚጽፉትና የሚያጸድቁት ይህን ገጽ የሚያነቡት ወጣት ሹማምንት ናቸው። ወረዳው ለሳልቡታሞል ብቻ ጠይቆ ለስቴሮይድ ፓፉ ሳይጠይቅ ቢቀር የሚመጣለት ያው የጠየቀው ነው።

ከእነዚያ መርፌዎች አንዱ ቤንራሊዙማብ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት በኋላ በስምንት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወጋል። በስምንት ሳምንት አንድ ቀን ከኦሞራቴ ጂንካ ደርሶ መመለስ ለዚያ ወጣትም፣ ለዚያች የዳሰነች እናትም ይቻላል፤ አዲስ አበባ ግን አይቻልም።